ከዊልቸሩ እንዳትነሺ

መልእክቱ የደረሳት ለባሏ ጨው የሌለው ምስር ስትሠራ ነበር። ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ወደ ሕንዷ አምሪትሳር የሚሄደው ቀጥታ በረራ መቋረጡን፣ ኩባንያው ለመጉላላቱ ይቅርታ እንደሚጠይቅና የትኬቱን ገንዘብ እንደሚመልስ ይናገራል። ኒርማልጂት ሁለቴ አነበበችው። ምድጃውን አጠፋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ክፉ ነገር አስቀድሞ በማሰብ የሚወዳደራት አልነበረም። ለእናቷ ትኬት ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ አውሮፕላኑ ሲወድቅ፣ እናቷ አየር ላይ ልባቸው ሲቆም፣ ሻንጣው ሲጠፋ፣ ጉም መንገዱን ሲዘጋ በየተራ ስታስብ ከርማለች። አውሮፕላኑ ራሱ ይቀራል ብላ ግን አላሰበችም። ያልፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱ መጣባት። ሌላስ ምን ረስቼ ይሆን የሚለው ድንጋጤ ደግሞ ከመልእክቱ ባሰባት።

እናቷን ባቸን ኮርን በርሚንግሃም አጠገብ ያለው የስሜዚክ ሰፈር ሰው ሁሉ ቢጂ፣ እማማ እንደማለት ነው የሚላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ከኒሞ ጋር ይኖራሉ፤ ኒርማልጂትን በሙሉ ስሟ የሚጠራት ሐኪም ቤት ብቻ ነው። ቢጂ በየክረምቱ ታርን ታራን አጠገብ ወዳለችው መንደራቸው ሄደው ፀሐይ ሞቀው ይመለሳሉ። ቀጥታው በረራ እያለ ይሄ ከባድ ነገር አልነበረም። እዚህ ምሳቸውን በልተው ይሳፈራሉ፣ ለቁርስ እዚያ ይደርሳሉ። አውሮፕላን አይባልም፣ የሰፈር አውቶቡስ ነበር። ከፊት ያለችው የአንዷ አማት፣ ከኋላ ያለው የአንዱ አጎት ነው። አሮጊቶቹ ቂጣና በቅመም የታሸ የማንጎ አቻር በወንበር ላይ ይቀባበላሉ። አንዷ ብትታመም ሦስት ሰው ይነሳላታል፣ አንዷ ብታለቅስ ለምን እንደምታለቅስ የሚያውቅ አይጠፋም።

የዘንድሮው ጉዞ ግን ለፀሐይ አልነበረም። የቢጂ ታናሽ ወንድም ካርናይል ሲንግ በጠና ታመው እህል ከዘጉ ሰንብተዋል። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ቢጂ ናቸው በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው። የካርናይል ልጅ ጃግታር በየቀኑ እየደወለ፣ አባባ የግቢው በር ድምፅ ባሰማ ቁጥር «ባቾ መጣች?» ይላል እያለ ይነግራቸዋል። ባቾ ብሎ በልጅነት ስማቸው የሚጠራቸው በዓለም ላይ ወንድማቸው ብቻ ነው የቀረው። ቢጂም ይሄን በሰሙ ቁጥር ሻርፓቸውን ሰብስበው ወደ መኝታ ቤታቸው ይገባሉ፣ ሲወጡ ዓይናቸው ታጥቦ ነው።

ኒሞ መልእክቱን ይዛ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ባቲ ትኬት ቢሮ ሮጠች። ባቲ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ ነበር፤ ቢሮው አሮጊትና ሽማግሌ ወላጅ ባላቸው ሰዎች ተሞልቷል። ተራዋ ሲደርስ፣ ከለንደን የሚነሳውም ቀጥታ እንደቀረ፣ የአየር ክልሉ እየተዘጋ መንገዱ እንደረዘመ፣ የነዳጁ ወጪ እንዳልተቻለ፣ አውሮፕላኖቹ የተሻለ ትርፍ ወዳለበት መስመር እንደተዛወሩ አስረዳት። ከእንግዲህ ሁሉም መንገድ በሌላ አገር በኩል ነው። ቶሎ የሚገኘው በአንዲት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ወርዶ አውሮፕላን መቀየር ነው፤ እዚያ ትንሽ ሰዓት ቆይታ አለው። ኒሞ እናቷ እንግሊዝኛ እንደማይችሉ፣ ፊደልም እንዳልቆጠሩ፣ በማያውቁት አገር በር ፈልገው እንደማያገኙ ነገረችው።

ባቲ ይሄን ንግግር በዚያን ቀን ከስንት ሰው እንደሰማው ከፊቱ ይታወቅ ነበር። «ፎርሙ ላይ ዊልቸር ብዬ እሞላላቸዋለሁ» አላት። «ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ገፍቶ የሚያደርሳቸው ሰው ይመደባል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ እህቴ።»

እውነት ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በቀጥታው በረራ ጊዜ እንኳን ዊልቸር የማያዝ ሽማግሌ አልነበረም። በርሚንግሃም ላይ በረጅም ሰልፍ እየተገፉ ይገቡና አምሪትሳር ሲደርሱ ሻንጣቸውን ባዩ ጊዜ ብድግ ብለው ይሮጣሉ። የኒሞ ባል ረሻም «የአምሪትሳር አየር ሽባ ያስነሳል» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ቢጂ ግን አንድም ቀን ተቀምጠውበት አያውቁም። በየጠዋቱ ሻርፓቸውን ተከናንበው፣ እስኒከር ጫማቸውን አጥልቀው ቪክቶሪያ ፓርክን ሲዞሩ ኒሞ ከኋላቸው ታለከልካለች። ስለ ዊልቸሩ ስትነግራቸው ተቆጡ። ምኔ ተሰብሮ ነው ሰው የሚገፋኝ አሉ። ወንድሜ እዚያ ተኝቶ እኔ እዚህ ደህና እግሬን ሽባ ነው ብዬ ልዋሽ?

ኒሞ ለመነች፣ አለቀሰች። አብራቸው መሄድ አትችልም። ረሻም በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለበት፤ የምትወስደውም የምታመጣውም፣ ሲያንቀጠቅጠው ብርድ ልብስ የምትደርብለትም እሷ ናት። ለአንድ ሳምንት ትታው ብትሄድ ምን እንደሚሆን አስባለች፤ እሷ ያላሰበችው ነገር የለም። ስለዚህ ቢጂ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት፣ ብቻቸውን ከሆኑ ደግሞ ዊልቸር ግድ ነው። በመጨረሻ ቢጂ እሺ ያሉት ለኒሞ ሳይሆን ለካርናይል ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን በዚያ እሁድ በሲኮቹ የጸሎት ቤት፣ በጉርድዋራው ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲላጥ አንድ ወሬ ተነሳ። የአንዷ ዘመድ በትራንዚት ላይ እግሯን ልታፍታታ ከዊልቸር ብትነሳ፣ አንቺ ደህና ነሽ፣ ዋሽተሻል ብለው ወንበሩን ነጠቋት፤ ስትንከራተት አድራ አውሮፕላኑ ጥሏት ሄደ። ማን ናት ቢባል የሚያውቃት የለም፣ ሁሉም ግን ሰምቷል። ኒሞ ቢላዋውን አስቀምጣ ቀጥ ብላ ወደ ቤት ሄደች።

«ቢጂ፣ ስሚኝ» አለች እናቷን ይዛ አልጋ ጫፍ ላይ እያስቀመጠች። «ሰው መጥቶ እስኪወስድሽ ድረስ ከዊልቸሩ እንዳትነሺ። እግርሽ ቢደነዝዝም፣ ቢርብሽም አትነሺ። ደህና መሆንሽን ካዩ አለቀልን።»

«ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ተነሺ ቢሉኝስ?»

«ለእሳቸውም እግሬ አይሠራም በያቸው።»

ቢጂ ሳቁ። ኒሞ አልሳቀችም። ማይልኝ አለቻቸው። ቢጂ የልጃቸውን ፊት ትንሽ አዩትና እጃቸውን አናቷ ላይ አድርገው፣ ሰው ሳይመጣ አልነሳም አሉ። በልጃቸው ራስ የማሉትን ቢጂ አይሽሩም።

በጉዞው ቀን አየር ማረፊያው ላይ ቢጂ ዊልቸሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንደተቀጣች ተማሪ ፊት ለፊት ያዩ ነበር። ዙሪያቸውን የሚያውቁት ሰው ፈለጉ። አንድ ጥምጥም፣ አንዲት ሻርፕ ራቅ ብለው ታዩ፤ የሰፈሩ ሰው ግን በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ አንዱ በቱርክ፣ አንዱ በዴልሂ፣ አንዱ ጭራሽ ቀርቷል። ሠራተኛው ሲገፋቸው ኒሞ እስከ ፍተሻው መግቢያ አብራ ሮጠች። ቢጂ ወደ ኋላ ዞረው ምስሩን ጨው እንዳታበዢበት አሏት። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ኒሞ እጥበት ክፍሉ ውስጥ ከረሻም አጠገብ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ያለችውን ትንሽ የአውሮፕላን ምስል ትከታተል ነበር። ምስሉ ባሕሩን አቋርጦ ሲወርድ አየች። አረፈ ሲል ትንፋሿን ለቀቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሌላው ፍርሃት ተተካ። የቢጂ ስልክ ከአገር ውጭ አይሠራም። አሁን በዚያች ከተማ ውስጥ የሆነ ቦታ አንድ ሰው እየገፋቸው ነው፤ ወይም አይደለም።

ረሻም ማሽኑ ደሙን እያዞረ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሳይገልጥ፣ አንቺ የምትፈሪው ነገር ቢያልቅ ማለቁ ራሱ ያስፈራሻል አላት። ሊያስቃት ነበር። ሁለተኛው አውሮፕላን በሰዓቱ ተነሳ ይላል ስልኳ። ትንሿ ምስል ወደ አምሪትሳር አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። ኒሞ ምስሏን በጣቷ ዳሰሰቻት።

መጀመሪያ የደወለው ጃግታር ነበር። ድምፁን እንደሰማች አወቀች። አባባ ሄደ አለ። ፀሐይ ከገባች ትንሽ ቆይቶ ነው። ያን ቀን ሙሉ የበሩን ድምፅ ሲያዳምጥ ዋለ፣ በመጨረሻ ዝም አለ። ጃግታር አላለቀሰም፤ አልቅሶ የጨረሰ ይመስል ነበር። ሬሳቸው እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት ነገ ከሰዓት እንደሚቃጠል ነገራት። ውጭ አገር ያለ ዘመድ እስኪመጣ ሬሳ የሚያቆዩበትን ከከተማ የሚከራይ የበረዶ ሣጥን ካርናይል በሕይወት እያሉ አጥብቀው ከልክለዋል። ጎረቤታቸው ካናዳ ያለ ልጁን ሲጠብቅ ሳምንት አልፎት በረዶ ውስጥ ተኝቶ ስላዩ፣ እኔን እንደ ዓሣ እንዳታስቀምጡኝ ብለው ልጃቸውን አስምለውታል። «አክስቴ ግን ጠዋት ትደርሳለች» አለ ጃግታር። «ፊቱን ታየዋለች። ይሄ አይቀርባትም።»

ኒሞ አዎ፣ አውሮፕላኑ ተነስቷል አለችው። ስልኩን ዘግታ ረሻምን ቀና ብላ ስታይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። የማታውቀው ረጅም ቁጥር ነው።

የሴት ድምፅ ነው፣ በእነሱው ቋንቋ በፑንጃቢ ነው የሚያወራው፤ የፓኪስታን፣ የላሆር ሰው አነጋገር አለው። ሩክሳና እባላለሁ አለች፣ ወደ ላሆር ልሄድ ትራንዚት ላይ ነኝ። አንዲት እናት አጠገቤ አሉ፣ ቁጥርሽን በቃላቸው ነገሩኝ።

«እህቴ፣ እንዳትደነግጪ» አለች ሩክሳና። «ደህና ናቸው። ግን አውሮፕላናቸው ሄዷል። ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ነው ያገኘኋቸው፣ ተነሱ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሰው ይመጣል፣ ለልጄ ምያለሁ ይላሉ።»

ኒሞ ቆመች። ነርሷ ዞር ብላ አየቻት። ከእጥበት ክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደገፈች። ሩክሳና የነገረቻት ይሄ ነው። ከአውሮፕላን ያወረዳቸው ሠራተኛ ሌሎች ዊልቸሮች ከተደረደሩበት ቦታ አቁሟቸው፣ በምልክት ይጠብቁ ብሏቸው ሄደ። አልተመለሰም። ሠራተኛ ተቀያየረ፣ ሌሎቹን እየገፉ ወሰዷቸው፣ ቢጂ ቀሩ። የመሳፈሪያው በር ከተቀመጡበት ፊት ለፊት ነው። ድምፅ ማጉያው አምሪትሳር ሲል ሰምተዋል። ባለ ጥምጥሞቹ ሲሰለፉ አይተዋል። ሰልፉ ሲያልቅ፣ በሩ ሲዘጋ አይተዋል። እጃቸውን ደጋግመው አንስተዋል፣ የሚያያቸው ግን አልነበረም። ብድግ ቢሉ በዚያ በቪክቶሪያ ፓርክ እርምጃቸው ይደርሱበት ነበር።

ሩክሳና ስልኩን ለቢጂ ሰጠቻቸው።

«ኒሞ፣ አልተነሳሁም» አሉ ቢጂ። «እንዳልሽኝ አልተነሳሁም። ሰውየው ግን አልመጣም።»

ኒሞ አፏን በእጇ ያዘች። የሚወጣው ድምፅ ምን እንደሚሆን አላወቀችም። ጥፋቱ የእኔ ነው ልትል ፈለገች፣ ከዚያ ይሄን ብትል ቢጂ እዚያ ወንበር ላይ እንዳሉ እሷን ማባበል እንደሚጀምሩ አወቀች። ሩክሳናን አገናኚኝ አለች። ሩክሳና የኩባንያው ጠረጴዛ ጋ ሄዳ ጠይቃ ተመለሰች። ወደ አምሪትሳር የሚቀጥለው በረራ ከነገ ወዲያ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ይቻላል፤ ወደ በርሚንግሃም በሚመለሰው አውሮፕላን መመለስ፣ ወይም ትንሽ ቆይቶ የሚነሳው የዴልሂ አውሮፕላን ላይ አንድ ቦታ አለ። ዴልሂ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳል። የትኛውን ልበላቸው አለች ሩክሳና፣ የኔም አውሮፕላን ደርሷል።

ኒሞ ዴልሂን አሰበች። ከዚያ እስከ መንደሩ የመኪናው መንገድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ሬሳው ሳይቃጠል መድረሳቸውም ያጠራጥራል፤ በጃንዋሪ ጉም ደግሞ መኪና በመኪና ላይ ይወጣል፣ በየክረምቱ ዜናው ይሄው ነው። እናቷ ይሄን መርዶ ማንም በሌለበት፣ በማያውቁት አየር ማረፊያ ሲሰሙ አሰበች። ልባቸው። ወለሉ ላይ ሲወድቁ አየቻቸው፤ ሻርፓቸው ከራሳቸው ሲንሸራተት ሳይቀር አየችው። አይሆንም። ይመለሱ። እዚህ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ረሻም ባለበት፣ ሻይ ከጠጡ በኋላ ትነግራቸዋለች። ስልኩን ለእናቴ ስጪልኝ አለቻት።

«ቢጂ፣ ስሚኝ። አሁን ጃግታር ደውሎ ነበር። አጎቴ ተሽሏቸዋል። ዛሬ ሾርባ ጠጥተዋል አለ። አይዞሽ፣ አሁን ወደ ቤት ተመለሺ። ብርዱ ሲያልፍ አብረን እንሄዳለን፣ ሁሉም ደህና ይሆናል።»

ከቢጂ ኋላ ድምፅ ማጉያው በማታውቀው ቋንቋ ይናገር ነበር።

«ኒሞ።»

«አቤት።»

«ሾርባ ጠጣ?»

«አዎ፣ ጠጡ።»

«አንቺ እኮ» አሉ ቢጂ በቀስታ፣ «ዳቦ ገዝቼ ስገባ ሻግቷል ብለሽ የምትቀበይኝ ልጅ ነሽ። በሠርግሽ ቀን አዳራሹ ይቃጠላል ብለሽ ስታለቅሺ ዓይንሽ አብጦ ነው ያገባሽው። ከተወለድሽ አንድም ቀን ደህና ይሆናል ብለሽኝ አታውቂም።»

ኒሞ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«መቼ ነው የሞተው?»

አንድ ነርስ መድኃኒት የተጫነ ጋሪ እየገፋች አለፈች። ኒሞ እስክታልፍ ጠበቀች። «ማታ፣ በእነሱ ሰዓት» አለች። «ፀሐይ ከገባች ትንሽ ቆይቶ።»

«እኔን ጠየቀ?»

«በሩን ሲያዳምጡ ነበር የዋሉት።»

ኒሞ የመውደቃቸውን ድምፅ ጠበቀች። የሰማችው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከሩቅ ተሸክሞ እንደመጣ ሰው ትንፋሽ።

«መቼ ያቃጥሉታል?»

«ነገ ከሰዓት። በረዶ አይሆንም ብለዋል፣ አስምለውታል።»

«ልክ ነው። ብርድ አይወድም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ» አሉ። ከዚያ ለሩክሳና ይመስላል፣ ዴልሂ የትኛው በር ነው ሲሉ ሰማች።

«ቢጂ፣ ብቻሽን ነሽ። እባክሽን ተመለሺ። ልብሽ ቢያምሽ...»

«ልቤን እዚህ ተቀምጬም ይዤው ነው ያለሁት።»

የዊልቸሩ የእግር መረገጫ ሲንቋቋ ተሰማ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ማዳም፣ ማዳም፣ ይቀመጡ አለ፤ ያ ሲጠበቅ የነበረው ሠራተኛ ይሁን ሌላ ኒሞ አላወቀችም። ቢጂ በፑንጃቢ ሂድ ከፊቴ አሉት። ሩክሳና ስልኩን ተቀብላ፣ እየሄዱ ነው እህቴ፣ አልደርስባቸውም፣ እስከ በሩ ልሸኛቸው አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ኒሞ መልሳ ደወለች። አይነሳም። ሩክሳናም የራሷ አውሮፕላን አለባት። ከዚህ በኋላ ስለ እናቷ የሚነግራት ማንም የለም። ወደ ውስጥ ስትገባ ረሻም ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ ሁሉን ከፊቷ አነበበ፣ በነፃው እጁ እጇን ያዘ። እጁ ሁልጊዜ በእጥበት ጊዜ እንደሚሆነው ቀዝቃዛ ነበር። ሁሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለች ኒሞ።

ከዚያ ለጃግታር ደወለችለት። እስከ ነገ ማታ አቆዩልኝ ብላ ለመነችው። ጃግታር ተጨነቀ። ሽማግሌዎቹ ከቀትር በኋላ ወዲያው ይሁን ብለዋል፣ ከሩቅ የመጣ ሰው በጉም ሳይመሽበት መመለስ አለበት፣ እንጨቱም በጤዛ ይርሳል። ኒሞ በሕይወቷ ከዘመድ ጋር ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ሰው ይቀየመኛል ብላ ትፈራለች። አሁን ግን ጮኸችበት። እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ እኔ፣ እሷ በሩ ፊት ለፊት ነበረች አለች።

ጃግታር እስክትጨርስ ሰማት። «እሳቱ በእኔ እጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «ልጁ እኔ ነኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም ከእጄ አይነጥቀኝም። ከዚያ በላይ ግን አትለምኚኝ፣ እህቴ።» ዴልሂ ያለው የሚስቱ ወንድም መኪና ከነሹፌሩ ይዞ ይቀበላታል አለ። ኒሞ ምን እንደለበሱ ነገረችው፤ ግራጫ ሻርፕ፣ ቡናማ ጓንት። ዊልቸር ላይ እንዳትፈልጓት አለች።

ጠዋት ኒሞ እንዳልነጋ ሁሉ ልብሷን ሳትቀይር ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። የጃግታር ሚስት ወንድም ቢጂን እንዳገኛቸው ደውሎላታል፤ ከሁሉም ሰው ቀድመው ነው የወጡት ብሏል። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ላይ ናቸው። በየጊዜው ስልኩን ከፍቶ ያሳያታል። የምታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው፣ ከነጩ ውስጥ ደግሞ የአንድ የጭነት መኪና የኋላ መብራት፣ ቀይ። የቢጂ ፊት በመስታወቱ ይታያል። አያወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ሹፌሩን ፍጠን አሉት፤ ኒሞ ቀስ ይበል ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈራው የቱን እንደሆነ አላወቀችም፤ መጋጨታቸውን ወይስ መዘግየታቸውን።

በዚያ በኩል ጃግታር ሬሳውን የሚሸኘው ሰልፍ ከቤት መውጣቱን ነገራት። ትንሽ ቆይቶ እንጨቱ መደርደሩን። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ መሆኑን፣ አንዱ አጎት እንደውም ተነስቶ መሄዱን። ፀሐይዋ ከጉሙ ጀርባ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆና ወደ ታች ወርዳለች። ኒሞ በአንዱ ስልክ መኪናውን፣ በረሻም ስልክ መቃጠያውን እያየች፣ ሁለቱ እንዲገናኙ በጉልበቷ የምትስባቸው ይመስል ጠረጴዛውን ጨብጣ ነበር።

ደረሱ። ጉሙ ውስጥ በሩ ሲከፈትና ቢጂ ሲወርዱ አየች። ሰው መንገድ ከፈተላቸው። ጃግታር አቅፎ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገለል አድርገው አለፉት። የካርናይል ፊት ገና አልተሸፈነም ነበር። ቢጂ ጎንበስ ብለው፣ ግንባሩ ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ልጅ ሲተኛ እንደሚባለው አንድ ነገር በጆሮው አሉት። ከዚያ ግራጫ ሻርፓቸውን አውልቀው አለበሱት። ስልኩን የያዘው ሰው ማልቀስ ስለጀመረ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ኒሞ ከዚያ በኋላ ያየችው መሬት ነው። የእሳቱን ድምፅ ግን ሰማች።

ረሻም ሻይ አፍልቶ አስቀመጠላት። ደርሰዋል፣ አይተውታል፣ አሁን አልቅሺ አላት። ኒሞ አለቀሰች። ትንሽ ቀለል አላት፤ ያ ቀላል ስሜት ራሱ መጥፎ ምልክት መስሎ ታያት።

የሐዘኑ ቀን ካለፈ በኋላ ኒሞ ባቲ ጋ ሄደች። ቢጂ የሚመለሱበትን ቀን ልትቆርጥ ነው። አሁን አብሯቸው የሚጓዝ ሰው አፈላልጋለች፣ ዊልቸርም አልፈልግም አለች። ባቲ ቀናቱን አሳያት፤ ሁሉም በትራንዚት ነው። ቀጥታው መቼ ይመለሳል ስትለው ባቲ ዓይኗን አላየም። አይመለስም፣ አውሮፕላኖቹ ተመድበዋል፣ የጉርድዋራው ሰው ፊርማ አሰባስቦ ልኮ ነበር፣ መልስ አልመጣም አላት።

ቢጂ ስልኩን ያነሱት ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋ ላይ ሆነው ነው። ፀሐይ ነበር። ከኋላ የታሰረች የወተት ጎሽ ታጓራለች፣ የጃግታር ሚስት ባልዲ ታንኳኳለች። ኒሞ ቀኖቹን ነገረቻቸው።

«አልመጣም» አሉ ቢጂ።

«እንዴት አትመጪም?»

«ያን በር ሲዘጋ አየሁት፣ ኒሞ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አሁንም ያ በር ነው። ያን መንገድ ሁለተኛ አልሄድም። ቀጥታው ሲመጣ እመጣለሁ።»

«ባይመጣስ?»

«እንግዲያ አንቺ ነይ።»

ኒሞ ወደ ሳሎን አየች። ረሻም ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ አንቀላፍቷል፤ ክንዱ ላይ ያለው ፕላስተር ገና አልተነሳም። «ረሻምን ለማን ትቼ?»

ጎሿ ደጋግማ አጓራች።

«እሱን እንዳትተዪ» አሉ ቢጂ። ከዚያ ድምፃቸውን እንደ ደህና ቀን አድርገው፣ ያን ወፍራም ቡናማ ካፖርቴን ለጎረቤታችን ለቨርና ስጫት አሉ። ሁልጊዜ ያምርብሻል እያለች ስታየው ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ ብል ይበላዋል።

ኒሞ ብርዱ ሲመጣ ምን ልትለብሺ ነው አለቻቸው። ቢጂ እዚህ እንደዚያ አይበርድም አሉ።

ካፖርቱን ያን ቀን አልሰጠችም። በሚቀጥለው ሳምንትም አልሰጠችም። ቢጂ ግን በደወሉ ቁጥር ሰጠሻት ይላሉ፣ ኒሞ እሰጣለሁ ትላለች። ማርች ሲገባ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ረሻምን ወደ እጥበት ልትወስድ መኪናውን አስነስታ ሳለ መልሳ አጠፋችው። ገብታ ካፖርቱን ከቁም ሣጥን አወጣች፣ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ቨርና እዚያው በሩ ላይ ለበሰችው። ልክ ሆናት።